በፊት ለፊት በር

መጀመሪያ የታመመው እጁ ነው። ወንድሜ ሰዒድ ጠዋት ጠዋት ሱቄ ጎራ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። አንድ ቀን ብርጭቆውን አንስቶ ገና አፉ ሳያደርሰው ሻዩ ጀላቢያው ላይ ተንጠባጠበ። ደንግጬ እጁን ያዝኩት። እንደተያዘች ጫጩት በመዳፌ ውስጥ ይርገበገባል። "ትራክተሩ ነው እታለም፤ መሪው ሲያንቀጠቅጠኝ ከርሞ እጄ ላይ ቀረ" አለኝና ሳቀ። አመንኩት። ፋሽጋ ላይ የሰሊጥ መሬት ሲያርስ የከረመ ሰው ነው፣ ለምን አላምነውም? እኩለ ቀን ላይ ሳየው እጁ ቀጥ ብሏል። ምን እንዳቆመለት ግን አልጠየቅሁም።

ዘሃራ እባላለሁ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። አገራችን መተማ ነው። ሰዒድ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ እናታችን ልትሞት ስትል "አደራሽን" ብላ እኔ እጅ ላይ የጣለችው። ይህን የምጽፈው በቤቱ አረቄ የያዘው ሰው ላለበት ነው። ጽሑፍ አላውቅም፤ ምላስሽ ረጅም ነው ይሉኛል እንጂ። እንግዲህ እንደምናገረው አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ያልጣመው ይለፈው።

እዚህ አገር መጠጥን ሕግም ሃይማኖትም ይከለክሉታል። ስለዚህ ጠጪ የለም ይባላል፤ የሚደበቅ ነው ያለው። ሰዒድ ደግሞ መደበቁን ተክኖበታል። ለዒሻ ሶላት ብሎ ይወጣል፣ አምሽቶ ይመለሳል፤ ጎረቤቱ "ማሻአላህ፣ ይህ ልጅ ከመስጊድ አይጠፋም" ይላል። ከሱቄም ቅርንፉድ ዘገን እያደረገ ያኝካል። አፉን የሚጠብቅ ንጹሕ ወንድም አለኝ ብዬ እኮራ ነበር። ወይ ኩራት!

እውነቱን የነገረችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። ከሱቄ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ እትዬ ጥሩ የሚባሉ የአርማጭሆ ሴት አሉ፤ በጓሮ በር አረቄ ይሸጣሉ፤ ወንድምሽ ለሶላት ሲወጣ የሚገባው እዚያ ነው አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ጓሮ በራቸው ላይ ቆሜ ያልወረወርኩት ስድብ የለም። የሰው ቤት አፍራሽ አልኳቸው፣ መርዝ ጠማቂ አልኳቸው፣ ከዚያ የባሰም አልኩ። እሳቸው ከውስጥ ድምፃቸውን አላሰሙም። ሰዒድ ግን እግሬ ላይ ወደቀ፣ አለቀሰ፣ በቁርአን ማለ። ሳምንት ሳይሞላው ቅርንፉዱን ማኘክ ጀመረ።

ያሳሳተን ረመዳን ነው ብል አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰዒድ ጨረቃ ስትታይ መጠጡን ያቆማል። ወሩን ሙሉ ጠብታ አይቀምስም። ዒድ ሲያልፍ ይጀምራል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። እኔም "በሽታ ቢሆን ኖሮ ወር ሙሉ ይተወው ነበር? ጥጋብ ነው እንጂ" እላለሁ። ብዙ ቤት እንዲህ ይባላል፤ በረመዳን የሚያቆም ጠጪ ጤነኛ ይመስለናል፣ እንዲያውም እናመሰግነዋለን። አንድ ዓመት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላብ አጠመቀው፤ ጾሙ ከብዶት ነው አልን። በተከታዩ ዓመት እንቅልፍ አጣ፤ ሙቀቱ ነው አልን። የገዳሪፍ ሙቀት የስንቱን ጥፋት ተሸክሟል!

ባለፈው ዓመት ረመዳን፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እኔ ቤት ተቀምጦ ነበር። ሰሊጥ ምንጣፍ ላይ አስጥቻለሁ። "እታለም፣ ሰሊጡ ይሄዳል" አለኝ። የቀለደ መሰለኝ። አልቀለደም። ሰሊጡ ግድግዳውን እየወጣ ነው አለ። ከክንዱ ላይ ማራገፍ ጀመረ። ክንዱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ዓይኑ ተገለበጠ። ወደቀ። መንጋጋው ገጠመ። እግሩ ምድሩን ይመታል። ምላሱን ነክሶ አረፋው ደም ሆነ። ጮህኩ። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። መጮህ ብቻ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ጂን ነው ተባለ። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ "በረመዳን ሸይጣን ይታሰር የለም እንዴ? ይኸኛው እንዴት አመለጠ?" አለች። በዚያ ሰዓት እንኳ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሼኹ ተጠሩ። መጥተው ቁርአን ቀሩበት፣ የተቀራበትን ውሃ ረጩት። ሲረጩት ነቃ፤ ሁላችንም "አልሐምዱሊላህ" አልን፤ እሱ ግን ጣሪያውን እያየ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ጠዋት ደገመው። ሼኹ እንደገና መጡ፤ ይህን ጊዜ መጽሐፉን ሳይከፍቱ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። "ልጄ፣ የኔ ድርሻ ዱዓ ነው፣ አድርጌያለሁ። ይህ ሰውነት እየነደደ ነው። ሙስተሽፋ ውሰጂው" አሉኝ። እኒያ ሽማግሌ ዕድሜያቸው ይርዘም። ሌላ ሰው ቢሆን ክብሬ ይቀንሳል ብሎ እስኪሞት ይቀራበት ነበር።

ሆስፒታሉ ከካርቱም በጦርነቱ በተፈናቀለ ሰው ተጨናንቋል። አልጋ የለም። ኮሪደር ላይ ፍራሽ አነጠፍንለት። ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ናት፤ እሷም ተፈናቃይ ናት። ዓይኑን ገልጣ አየች። ምላሱን አየች። እጁን ዘርጋ አለችው፤ ጣቶቹ ሲርገፈገፉ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ኻልታ፣ ሰውየው ይጠጣል?"

ተሸክመው ያመጡት ጎረቤቶች ከኋላዬ ቆመዋል። በአንድ ሰፍ ተሰልፈው ከእሱ ጋር የሚሰግዱ ሰዎች ናቸው። ረመዳን ነው። ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

"ካልነገርሽኝ ለወባ አክመዋለሁ" አለች፤ ድምጿን አልጨመረችም። "ቀጥሎ ለማጅራት ገትር አክመዋለሁ። እሱ እስከዚያ ይሞታል።"

"ይጠጣል" አልኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው "አስተግፊሩላህ" አለ። ዞሬ አላየሁም። ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ ባውቀው እጠላዋለሁና።

የበሽታውን ስም ሐኪሟ ነገረችኝ፤ የአልኮል ዊዝድሮዋል ይባላል፣ ሲብስ ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ። በሚገባኝ ቋንቋ ስታስረዳኝ "አንጎሉ አልኮሉን ለምዶ ነው የሚሠራው። በድንገት ስትነፍጊው ይናወጣል። በየረመዳኑ ባቆመና በጀመረ ቁጥር ደግሞ ቀጣዩ የባሰ ይሆናል። ላቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሁሉም ይኸው ነበር" አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ምስጋና ስናዘንብለት የኖርነው ነገር ሊገድለው ሲዘጋጅ ነበር። ዲያዜፓም በደም ሥሩ ሰጡት። ታያሚን የሚባል ቫይታሚን ከግሉኮሱ በፊት መግባት አለበት ተባለ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ አልቆ ነበርና ከፋርማሲ ፋርማሲ ስሮጥ ጫማዬ ተበጠሰ።

ሁለት ቀን አላወቀኝም። እናታችንን ይጠራል። ትራክተሩን እንዲያጠፉለት ይለምናል። "አጥፉልኝ፣ ጆሮዬን አደነቆረው።" ኮሪደሩ ፀጥ ብሏል። ምኑን ላጥፋለት? እጁን ይዤ "ጠፍቷል፣ ጠፍቷል" እለዋለሁ። አይሰማኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከንቱ ሆኜ አላውቅም።

ሲሻለው ሆዱን በአልትራሳውንድ አዩት። ሲሮሲስ አሉት፤ ጉበቱ ጠባሳ ይዟል። ሐኪሟ "ጠባሳው አይመለስም። ካቆመ ግን የቀረው ጉበት ያኖረዋል። ካላቆመ አያኖረውም" አለች። መቼስ እኔ የማልጠይቀው የለኝምና የሚያስቆመው መድኃኒት ስጪኝ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። "ከሞት መልሼዋለሁ። ከመጠጡ የሚመልሰው ግን እኔ ዘንድ የለም። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ተሰብስበው እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ቦታ ፈልጉለት። ብቻውን አይችለውም። አንቺም አትችይውም።"

"የት ነው ያለው?"

"ካርቱም ነበረ" አለች።

ዒድ ካለፈ በኋላ ጀመረ። ያውም እያለቀሰ ነው የጀመረው። እትዬ ጥሩ መሸጥ ትተዋል የሚል ወሬ ነበር፣ ሰፈሩ ባያምነውም፤ ግን ሻጭ መቼ ይጠፋል፤ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ አገኘ። ያላደረግሁት የለም። ለመንኩት፣ ረገምኩት፣ የእናታችንን አደራ አነሳሁበት። አንድ ቀን ጫማውን ደበቅሁ፤ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሄደ። ትልቅ ሰው፣ አበባ ያለበት የሴት ጫማ አድርጎ በአደባባይ! ሰፈርተኛው ስቆ ሞተ፤ እኔ ግን በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያን ቀን ገባኝ፤ ሰው እንዲያ ሆኖ የሚሄደው ጠግቦ አይደለም።

ሐኪሟ ያለችኝን ቦታ ፍለጋ ጀመርኩ። ችግሩ መጠየቁ ላይ ነው። በዚህ አገር "መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የት ይሰበሰባሉ?" ብሎ መጠየቅ "ቤቴ ጠጪ አለ" ብሎ ማወጅ ነው። ስለዚህ "ለአንዲት ጎረቤቴ" እያልኩ ጠየቅሁ። ሰውም "ለጎረቤትሽ አላህ ይሁናት" ይለኝና ዓይኔን ያየኛል። ስደተኞች ካምፕ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ለእናቶችና ለሕፃናት ብቻ ነው አሉኝ። ፋው የምትባል ከተማ አንድ ሰው መድኃኒት ያጠጣል ተባልኩ፤ ሄጄ ሳይ ሰውየው ራሱ ሰክሯል። በእግሬ ሄድኩ፣ በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ሄድኩ፣ በእያንዳንዱ ቀን ሰዒድ ቤት ተመልሼ ስገባ ዓይኑ ይበልጥ ቢጫ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በመጨረሻ ያችው ደንበኛዬ፣ ያን ጊዜ ወሬውን ያመጣችልኝ፣ በርበሬዋን እያስመዘነች "ለጎረቤትሽ ነው አይደል የምትፈልጊው?" አለችኝ። ነው አልኳት። "እንግዲያው ጎረቤትሽን እትዬ ጥሩ ቤት ላኪያት። ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ።"

ደሜ ፈላ። ስንቱን ሰፈር ዞሬ መልሼ እዚያው የተመረዘበት በር? የቀለደችብኝ መሰለኝና በርበሬውን መልሼ ከረጢት ውስጥ ደፋሁት። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ አይደል፤ በነጋታው ሄድኩ።

እትዬ ጥሩ በሩን ከፍተው አዩኝና "ድምፅሽን እንጂ መልክሽን አላውቀውም ነበር" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን በንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። ያቺ በጠፍር የተታታችው አጭር መቀመጫ ላይ ቁጭ ብዬ ቤቱን ቃኘሁ። በርሜል የለም። ሽታ የለም። ግቢው መሃል ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል።

"ባሌን በገዛ እጄ ባወጣሁት አረቄ ቀበርኩት" አሉኝ። "ደም አስመለሰው፣ የጉሮሮው ሥር ፈንድቷል አሉኝ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ እጄ ላይ ቀረ። ዕቃውን በማግስቱ ሰበርኩት። ሰዎቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። የለም ስላቸው አይሄዱም፤ ጓሮው በር ላይ ይቀመጣሉ። ወዴት ይሂዱ? እግራቸው ሌላ በር አያውቅም። ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ አፍልቼ አስቀመጥኳቸው። ቆይቶ ሐጎስ የሚባል ሰው ጦርነቱ ከካርቱም አፈናቅሎ ካምፕ አመጣው፤ እሱ ካርቱም ሳለ እንዲህ ባለው ስብሰባ ነው መጠጥ የተወው። ሥርዓቱን ያስያዘን እሱ ነው።"

ሥርዓቱን ነገሩኝ። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የፈለገ ስሙን ተናግሮ ጠጪ መሆኑን ይናገራል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል። አንዱ ሲናገር ሌላው አይመክረውም፣ አይመልስለትም፣ ይሰማዋል ብቻ። በአማርኛም በትግርኛም በዓረብኛም ይናገራሉ። የሰሙት ከግቢው አይወጣም። አንድ ሥርዓት ግን የእትዬ ጥሩ የራሳቸው ነው፤ የጓሮ በሩን በሚስማር ቸንክረውታል። የሚመጣ ሁሉ በፊት ለፊት በር፣ ሻይ ሻጯ ራኩባዋን፣ የሣር ዳሷን፣ ተክላ ሰው ሰብስባ በምትውልበት በኩል፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚገባው። "ሲጠጡ በጓሮ ነበር የሚገቡት። ሲተዉም በጓሮ ከገቡ ምኑን ተዉት?" አሉ።

"ሰፈሩ እኮ አሁንም ይሸጣሉ ነው የሚለው፣ እትዬ።"

"ይበል እንጂ። ፖሊሶች መጥተው ፈትሸዋል፤ ከርከዴ ጠጥተው ሄዱ። ሰፈሩ ግን ፖሊስ አይደለም፣ ፈትሾ አያምንም።"

ሰዒድን ለጁምዓ ይዤው እመጣለሁ አልኳቸው። "አይ! እንዳታመጪው" አሉኝ። "ያን ጊዜም ማንንም ጎትቼ አላስገባሁም፤ አሁንም ተጎትቶ የመጣ አልቀበልም። ንገሪው፣ ከዚያ ተይው።" ተይው! ለእኔ ለዘሃራ ተይው ማለት አትተንፍሺ ማለት ነው።

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። "እታለም፣ እዚያ በር ስገባ ሰው ካየኝ ሊጠጣ ገባ ነው የሚለኝ። በፊት ለፊት! ስሜ አፈር ይበላል።" ሆስፒታል የሰሙት ሰዎች አፋቸውን ይዘውለት ነበር፤ ሰፈሩ ገና ጨዋ ነው ይለዋል። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። "እስከ ዛሬ ስትጠጣ ሊሰግድ ሄደ ሲሉህ ኖረዋል! አሁን ደግሞ ስትተው ሊጠጣ ሄደ ይበሉህ!" አልኩት። ተነስቶ ወጣ። የት እንደሄደ ከሽታው አወቅሁት።

ኸሪፉ ገባ፤ ዝናቡ ሲጥል አራሽ ሁሉ ወደ ፋሽጋ ሄደ፣ እሱም ሄደ። ብከለክለው አልሰማኝም። የእርሻው ወቅት ሳይጋመስ አሠሪው መለሰው። ሲመለስ ሆዱ የደረሰች እርጉዝ ሆድ አክሏል፣ እግሩ አብጧል፣ ክንዱ ግን እንጨት ነው። ያችው ሐኪም አየችው። አሳይተስ ነው አለች፤ ጉበቱ ሲደክም ሆድ ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ። በመርፌ ቀዳችለት። ባልዲው ሲሞላ እኔና እሱ እያየነው ነበር።

"ይህን ስንት ጊዜ ልትሠሪልኝ ትችያለሽ?" አላት በዓረብኛ።

"አንተ እስካለህ" አለች። ሰዒድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚህ ጊዜ ግን መጠጡን ያቆመው ሆስፒታል ተኝቶ፣ መድኃኒቱን በልክ እየወሰደ ነው። ከወጣ በኋላ በነበረው ጁምዓ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ከዐስር ሶላት የሚመለሰውን ሰው ሲያይ ቆየና ተነሳ። የት አልልም ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ጥቂት ቆይቼ ግን ተከተልኩት፤ ድንጋይ አይደለሁም።

በጓሮው መንገድ ዞረ። የተቸነከረው በር ጋ ደርሶ ቆመና በጥፍሩ፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ አድርጎ ቧጠጠ። የድሮው ምልክት ነው። እጁ ያንን ነው የሚያውቀው። ከውስጥ የእትዬ ጥሩ ድምፅ ወጣ።

"በዚያ በር የሚገባ የለም! በፊት ለፊት ዙር! በመዳፍህ ምታው!"

ሰዒድ ዞር ሲል አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ይመለሳል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እመለስ ነበር። ከመንገዱ ዘወር አልኩለት። አጠገቤ አልፎ ሄደ፣ በማዕዘኑ ታጠፈ፣ ራኩባው ሥር ወደተቀመጡት ሰዎች ደረሰ። አብረውት የሚሰግዱት ናቸው። "ሰላም ዓለይኩም" አላቸው። ግማሾቹ መለሱ። የሻይ ብርጭቆዎች በየእጁ ቆመው ቀሩ። ከዚያ የቆርቆሮውን በር በመዳፉ መታው። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። አንዴ። እንደገና። በሩ ተከፈተና ገባ።

እኔ ግቢው ጥግ በንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ቤተሰብ እዚያ ድረስ ይፈቀድለታል። ውስጥ የተባለውን አልጽፍም፤ የኔ አይደለም። የእሱን እንድጽፍ ራሱ ፈቅዶልኛል። ተራው ሲደርስ "ሰዒድ እባላለሁ" አለ። ከዚያ በላይ አልወጣለትም። ማልቀስ ጀመረ። ማንም አልተነሳም፣ ማንም አይዞህ አላለውም። ላቅፈው ልነሳ ስል እትዬ ጥሩ በእጃቸው አስቀመጡኝ። ሐጎስ ከርከዴ ቀድቶ እግሩ ሥር አኖረለት። ሲያለቅስ ቆየ፤ ሌላው ሰው መናገሩን ቀጠለ። ስንወጣ "እታለም፣ የተናገሩት ሁሉ የኔ ነው፤ ከየት ሰረቁት?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳወራ የምፈራው ተስፋን ነው፤ ምክንያቱም እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አይቻለሁ። ሰዒድ አሁን እርሻ አይሄድም፤ ከተማው ውስጥ ትራክተር ይጠግናል፣ እጁ ቀጥ ብሎ ቡሎን ሲያስር ቆሜ የማይበትን ጊዜ አልቆጥረውም፤ ሆዱ ጎድሏል፣ የዓይኑ ነጭ ተመልሷል፣ የምግብ ፍላጎቱ መጥቶ ጨው አልባ ምግቤን "የሆስፒታል ወጥ" እያለ እየሰደበም ቢሆን ይጨርሰዋል። የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ግን አንድ ጊዜ ወድቋል። ጓደኞቹ ከእርሻ ሲመለሱ ተገናኙ፣ ጠጣ። ቤቴ አልመጣም፤ እትዬ ጥሩ ቤት ሄዶ የፊት ለፊቱን በር መታ። ሐጎስ ሆስፒታል ወሰደው። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ተቆጣሁ፣ ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ቢመጣ ኖሮ ምን አደርግለት ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ጫማውን እደብቅ ነበር። በዘንድሮው ረመዳን ደግሞ ሐኪሟ ጾም ከለከለችው። ቀን ቀን ሲበላ ያየው ሁሉ አንድ ኃጢአት ጨመረለት።

እንግዲህ በቤቱ ይህ ያለበት ይስማኝ። ለረመዳንም ሆነ ለሁዳዴ፣ ብዙ የከረመ ጠጪ በድንገት ሲያቆም አታመስግኑት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ነገር ካየ፣ ከወደቀ፣ ነገ አትበሉ። ሐኪሙ ይጠጣል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ማን ከኋላ እንደቆመ ሳታዩ እውነቱን ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው በከንቱ አይደለም። በር አትቆልፉበት፤ እኔ ጫማ ደብቄ ያየሁትን አይቻለሁ። ከዚያ ያቆሙ ሰዎችን ፈልጉለት። ከሌሉ ሁለት ሰው ይበቃል፤ እትዬ ጥሩ ቤትም የተጀመረው በሁለት ሰውና በአንድ ጀበና ከርከዴ ነው። የምትፈልጉት ቦታ በጣም ከምትጠሉት በር ጀርባ ሊሆን ይችላል።

ለሼኹ፣ ለሐኪሟ፣ ለሐጎስ አላህ ዋጋቸውን ይክፈልልኝ። እትዬ ጥሩን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ "ስድብሽ ልክ ነበር፣ አድራሻውም ልክ ነበር" ብለው ሳቁብኝ።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ዐስር ተሰግዷል። ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈው አላውቅም። መጠየቅ ትቻለሁ። አፉን ማሽተትም ትቻለሁ። እኔ የማደርግለት ነገር አልቆ መስማት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ካልመጣ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። ሰዓቱ እያለፈ ነው። ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።

ቆርቆሮው ጮኸ። አንዴ። እንደገና።

ራኩባው ሥር የተቀመጠ ሰው እኔ እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ "መጣ፣ ሰካራሙ" አለ።

እኔም እሱ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ።